የጓዳው አማና



ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ኮምፒዩተር ነው። ይህን ስታነቡ ገጹን ለማለፍ ያሰባችሁ እናቶችና አባቶች ካላችሁ ጥቂት ታገሱኝ። ነገሩ የሚጀምረው ከማሽን ቢሆንም የሚያርፈው ሰው ላይ ነው። ጥፋተኛውም እኔው ራሴ ነኝ፤ ጥፋቴን ደብቄ ከምቀመጥ ብናገረውና ሌላው ቢማርበት ይሻላል ብዬ ነው ብዕሬን ያነሳሁት።

እኔ ጎንደር ከተማ፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ፣ ኑሮዬንም በኮምፒዩተር ጥገና የምገፋ ሰው ነኝ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ኮሶዬ ላይ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። በዕድሜ ታላቄ ስለሆነች ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠራት «እቴቴ» እያልኩ ነው። ኮሶዬን የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ ለማታውቋት ግን፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዛችሁ የምታገኟት የደጋ ቦታ ናት። ከመንገዱ ጥቂት ፈቀቅ ሲሉ መሬቱ ድንገት ያልቅና ገደሉ ቁልቁል ይወርዳል፤ ማዶ ለማዶ የስሜን ተራሮች ይታያሉ። ጭላዳዎች በአፋፉ ላይ ሣር ሲነጩ ይውላሉ። አገሩ ለዓይን ደስ ይላል፤ ብርዱ ግን ቀልድ አያውቅም። ጋቢ ሳይደርብ የሚወጣ ሰው የለም።

እቴቴ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፣ ለተማሪዎች የመታወቂያ ፎቶ ታትማለች። በቤቷ ሁለት ኮምፒዩተሮች ነበሩ። አንደኛው ከፊት ለፊት ደንበኛ የሚስተናገድበት ሲሆን ዊንዶውስ 7 ተጭኖበት ነበር። ሁለተኛው ጓዳ ውስጥ የተቀመጠ፣ ሥራ ስትጀምር በ2003 ዓ.ም. የገዛችው፣ ዊንዶውስ ኤክስ ፒ የተጫነበት አሮጌ ማሽን ነው። ቤተሰቡ ይህን ማሽን «አሮጊቷ» ይላታል። ሁለቱ በኬብል የተገናኙ ነበሩ፤ እቴቴም ፊት ለፊት ተቀምጣ በጓዳ ያለውን ወረቀት ትከፍት ነበር።

ችኮላዬ

ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ለዊንዶውስ 7 ይሰጥ የነበረውን የጥበቃ ማሻሻያ በጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020) አቋረጠ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሲስተም ላይ አዲስ ቀዳዳ ቢገኝ ለተራው ተጠቃሚ የሚደፍንለት አልነበረም። እኔም ለማውቃቸው ሁሉ «ቶሎ ወደ ዊንዶውስ 10 ተሻገሩ» እያልኩ እመክር ነበርና፣ በዚያው ወር መጨረሻ ኮሶዬ ወጣሁ።

እቴቴ ሥራ ሳልጀምር አንዲት ነገር ብላኝ ነበር።

«ወንድምዓለም፣ የሰዉ ወረቀት ያለው ጓዳ ነው፤ አሮጊቷን አደራ።»

«አልነካትም እቴቴ፤ የማድሰው የፊቱን ብቻ ነው» አልኳት።

እውነትም አልነካኋትም። ነገር ግን የፊቱ ከጓዳው ጋር እንዴት እንደሚነጋገር አልጠየቅሁም። ዴስክቶፑ ላይ ያለውን ሁሉ በፍላሽ ገለበጥኩ፤ ዲ የሚባለውን ክፍል ሳልነካ ሲስተሙ ያለበትን ክፍል ፎርማት አደረግሁ፤ አዲሱን ዊንዶውስ 10 ጫንኩ፤ የገለበጥኩትንም መለስኩ። ፎልደሮቹ ሁሉ እንደ ቀድሞው ተሰልፈው ታዩ። አንዱን ከፈትኩት፣ ተከፈተ። «በቃ አለቀ» አልኩ። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ስለነበር የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ተቻኩዬ 800 ብሬን ተቀብዬ ወረድኩ።

በማግስቱ ስልኬ ጮኸ።

«ይኸ አዲሱ ነገርህ ምን ሆኗል? ፎልደሩን እነካዋለሁ፤ ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች። አንዳንዱ ቆይቶ ይከፈታል፤ አንዳንዱ ጭራሽ እምቢ ይላል። ሰው እኮ ብርድ ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀኝ።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት «ቆይቶ ይከፈታል» የሚለውን ብቻ ነው። «አዲስ ሲስተም መጀመሪያ ላይ ይዘገያል፣ እየቆየ ይለምዳል» ብዬ ዘጋሁ። በሦስተኛው ቀን ደግማ ደወለች፤ «አጥፍተሽ አብሪው» አልኳት። በሳምንቱ ሦስተኛ ጊዜ ስትደውል ሱቄ በሰው ተጨናንቆ ነበርና ትዕግሥቴ አለቀ።

«እቴቴ፣ የምትጎትትሽ ያቺ የጓዳዋ አሮጊት ናት። ልጅሽ ፎርማት ማድረግ ያውቅ የለ? ያጥፋትና በአዲስ ይጫንባት። ያንቺን ፎልደሮች እኔ በፍላሽ ገልብጬ መልሼልሻለሁ፤ የሚጠፋ ነገር የለም።»

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም «አይሆንም» አለችኝ። «ይህ የእኔ ንብረት አይደለም፤ የሰው አማና ነው። አንተ ራስህ መጥተህ በዓይንህ ሳታየው ማንም አይነካትም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ተቀየምኩ። ሙያው የኔ ሆኖ ሳለ እንዴት አታምነኝም ብዬ በልቤ አጉረመረምኩ። ያም ሆኖ የአክስት ልጅ ናትና በየካቲት ወር አንድ ቅዳሜ ከሱብሒ በኋላ ተነሥቼ ወጣሁ።

አግዳሚ ወንበሩ ላይ የነበሩት አባት

ስደርስ ከበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዱላቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ከሁለት ዓመት በፊት በመሬት ወሰን ጉዳይ እቴቴ የጻፈችላቸው ማመልከቻ ነበር። በእጃቸው የነበረውን ቅጂ ቤታቸው ውስጥ አይጥ በልቶባቸው፣ ሌላ እንድታትምላቸው መጥተዋል። ወረቀቱ ያለበት ፎልደር ግን አልከፈት ብሏል። ለሁለተኛ ቀን መመላለሳቸው ነው።

«ቀጠሮዎ መቼ ነው አባቴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሰኞ ነው ልጄ። ያችን ወረቀት ካልያዝህ አትምጣ ብለውኛል።»

ከዚያ ወዲያ ቅያሜዬን ረሳሁት። ቁጭ ብዬም መጀመሪያ ቀን ማድረግ የነበረብኝን ሥራ ያን ዕለት ጀመርኩ።

ቀስቱና ቤቱ

እዚህ ላይ ለማታውቁት አንድ ነገር ላስረዳ። በኮምፒዩተር ገጽ ላይ ከምናያቸው ምልክቶች አንዳንዶቹ እውነተኛ ፎልደሮች ናቸው፤ ወረቀቱ በውስጣቸው አለ። አንዳንዶቹ ግን «ሾርትከት» ይባላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጣው ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ የምናውቃቸው ናቸው። ሾርትከት አቋራጭ መንገድ ማለት ነው። በውስጡ ወረቀት የለም፤ ያለው «ወረቀቱ እዚያ ቦታ ነው» የሚል አድራሻ ብቻ ነው። በምልክቱ ታችኛ የግራ ማዕዘን ላይ ትንሽ ቀስት ስላለችበት ይለያል። ሾርትከት ማለት የሰው ቤት አድራሻ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ነው በሉት። ቁራጯ ብትጠፋ ቤቱ አይፈርስም፤ ቁራጯን በኪስ ይዞ መዞርም ቤቱን ይዞ መዞር አይደለም።

በእቴቴ ዴስክቶፕ ላይ 11 ምልክቶች ነበሩ። አንድ በአንድ ስመለከት አራቱ ቀስት የላቸውም፤ ሰባቱ ቀስት አላቸው።

በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ አበራሁትና ቀስት የሌላቸውን አራቱን ብቻ በተራ ከፈትኩ። ሦስቱ ወዲያው ተከፈቱ። ፎቶ የሚቀመጥበት አራተኛው ብቻ ትንሽ ዘገየ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ቀጥዬ ቀስት ካላቸው አንዱን ነካሁና የእጅ ሰዓቴን ተመለከትኩ። ክቧ ትዞር ጀመር። 47 ሰከንድ ቆይታ «ሊደረስበት አልተቻለም» የሚል መልእክት አወጣች። ያ ሲሆን ክቧ እየዞረች ሳለ ቅድም ወዲያው የተከፈተውን ፎልደር ደግሜ ነካሁት፤ አሁን እሱም ተጎተተ።

ለካስ እቴቴ «አንዳንዱ ቆይቶ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ጭራሽ እምቢ ይላል» ያለችው ቃል በቃል እውነት ነበር። እምቢ የሚሉት ቀስት ያላቸው ናቸው። ቆይተው የሚከፈቱት ደግሞ ምንም በሽታ የሌለባቸው፣ ነገር ግን ከእምቢተኞቹ በኋላ ወረፋ የያዙ ናቸው። ዴስክቶፑን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም የማይመጣ መልስ እየጠበቀ ሳለ ለሌላው ትእዛዝ ቶሎ አይደርስም። በቅደም ተከተል ባልፈትነው ኖሮ በሁሉም ላይ አንድ በሽታ ያለ ይመስል ነበር።

ቀጥዬ ቀስት ባለው ምልክት ላይ በመዳፊቱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኜ «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ከፈትኩ። እዚያ ውስጥ «ታርጌት» የሚል መስመር አለ፤ አድራሻው የሚጻፈው እሱ ላይ ነው። አድራሻው የሚጀምረው በሁለት ግድም መስመሮችና በጓዳዋ ኮምፒዩተር ስም ነበር። ሰባቱንም አየሁ። ሰባቱም ወደ ጓዳ ያመለክታሉ።

ውድ አንባቢያን፣ ያን ጊዜ በዚያ ብርድ ላይ ላብ አሰመጠኝ። በጥር ወር «ፎልደሮችሽን በፍላሽ ገልብጬልሻለሁ» ስላት የገለበጥኩት ሰባት ቁራጭ አድራሻ ነበር እንጂ አንድም ወረቀት አልነበረም። የዘጠኝ ዓመት ወረቀት ያለው አንድ ቦታ ብቻ፣ አሮጊቷ ላይ ነበር። ያችን ነበር በስልክ «ፎርማት አድርጓት» ያልኩት።

ተገናኝተው የማይግባቡ

ወደ ጓዳ ገባሁ። አሮጊቷ በርታለች። ፎልደሩን እዚያው ላይ ስከፍተው ዓይን ሳይጨፈን ተከፈተ። ስለዚህ ፎልደሩ ጤነኛ ነው። የኬብሉ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ከፊተኛው ኮምፒዩተር «አለሽ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀውን ትንሽ ትእዛዝ ስልክ «አለሁ» ብላ መለሰች። ስለዚህ መስመሩም ጤነኛ ነው። ታዲያ ምን ቀረ? የቀረው ቋንቋው ነው።

ኮምፒዩተሮች በኔትወርክ ፋይል የሚሰጣጡበት ኤስ.ኤም.ቢ. የሚባል ስምምነት አለ። ዊንዶውስ ኤክስ ፒ የሚያውቀው የመጀመሪያውን፣ ኤስ.ኤም.ቢ. 1 የተባለውን አሮጌ ስምምነት ብቻ ነው። ዊንዶውስ 7 አዲሱንም አሮጌውንም ያውቅ ስለነበር ከአሮጊቷ ጋር በአሮጌው ይነጋገር ነበር። ማይክሮሶፍት ግን ከ2017 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ጀምሮ አሮጌውን ስምምነት ከዊንዶውስ 10 ደረጃ በደረጃ እያወጣው መጣ። እኔ የጫንኩት ቅጂ እሱን አይዞም ነበር። እናም የፊተኛው በአዲሱ ቋንቋ ይጣራል፤ የጓዳዋ ትሰማለች፣ ግን አይገባትም። ያኛው መልስ ይመጣል ብሎ ይጠብቃል። ክቧ የምትዞረው ለዚህ ነበር።

ማይክሮሶፍት ይህን ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። በግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017) «ዋናክራይ» የተባለ ጎጂ ፕሮግራም በዚሁ በኤስ.ኤም.ቢ. 1 ቀዳዳ ገብቶ በ150 ያህል አገሮች ያሉ ኮምፒዩተሮችን አጠቃ። የሰዎችን ፋይል እየቆለፈ ለመክፈቻው ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች የበሽተኛ ቀጠሮ እስከመሰረዝ ደርሰዋል። የሚያሳዝነው፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ጥቃቱ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው ወጥቶ ነበር፤ ያልጫኑት ናቸው በብዛት የተጎዱት። ኤክስ ፒ ደግሞ መደበኛ ማሻሻያ ማግኘት ካቆመ ከመጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ወዲህ ዓመታት አልፈውት ነበር።

እንግዲህ ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው ከዊንዶውስ 10 ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ አሮጌውን ስምምነት መልሶ ማብራት ነው። በአምስት ደቂቃ ያልቃል፤ ፎልደሮቹም ይከፈታሉ። ነገር ግን የፊተኛው ኮምፒዩተር በስልክ በኩል ኢንተርኔት ያገኛል፤ ደንበኞችም ሌላ ቦታ ሲዞር የዋለ ፍላሽ ይሰኩበታል። ቀዳዳዋን ከፍቼ ብሄድ በጥር ወር የሠራሁትን ችኮላ መድገም ይሆንብኝ ነበር። ሁለተኛው መንገድ ወረቀቶቹን ራሳቸውን ከጓዳ አውጥቶ ወደ ፊተኛው ማምጣት ነው። ቀን ይፈጃል። ይህኛውን መረጥኩ።

ቆጠራው

መጀመሪያ የሽማግሌውን ማመልከቻ በፍላሽ አወጣሁ። ፊተኛው ላይ ስከፍተው ግን ፊደሉ ሁሉ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ሆኖ ታየ። እቴቴ «ወየው፣ ተበላሸ!» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አልተበላሸም ነበር። ወረቀቱ የተጻፈው በቀድሞው የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም ስለሆነና እኔ ሲስተሙን ሳድስ ያንን ፊደል መልሼ ስላልጫንኩት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በፊት በነበረው ዘዴ የተጻፈ ግን የራሱ ፊደል ኮምፒዩተሩ ላይ ካልተጫነ አይነበብም። ፊደሉን ከአሮጊቷ ላይ ወስጄ ስጭነው ማመልከቻው አማርኛ ሆኖ ወጣ። ታተመ። ሽማግሌው ወረቀቱን ከጋቢያቸው ሥር ከተው፣ እኛንም መርቀው ሄዱ። ማን እንዳጉላላቸው አላወቁም። እኔ ግን አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ የቀረውን ማመላለስ ጀመርኩ። የአሮጊቷ ጉልበት ደካማ ነው፤ አንድ ፍላሽ እስኪሞላ ሻይ ይጠጣል። ከዙህር በኋላ መብራት ሄዶ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። መብራት ሲመጣ ቀጠልኩ፤ አሥር እስኪደርስም ጨረስኩ መሰለኝ።

ያን ዕለት ግን «መሰለኝ» የሚለውን ቃል ፈርቼው ነበር። ስለዚህ ቆጠርን። ፎልደሩ ላይ በቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ፕሮፐርቲስ ሲከፈት በውስጡ ስንት ፋይል እንዳለ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይናገራል። የእቴቴ ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪው፣ ጓዳ ሆኖ የአሮጊቷን ቁጥር ይጠራል፤ እኔ ከፊት ሆኜ እመልሳለሁ።

«6,412!» አለ።

እኔ ዘንድ ያለው 5,980 ነበር። 432 ፋይል ጎድሏል። ፎልደር በፎልደር ስንፈትሽ መብራት ሲሄድ እየተገለበጠ የነበረው አንዱ በግማሹ ተቋርጦ ቀርቷል። ደግመን ገለበጥነው፤ ቁጥሩም ልክ መጣ። ባንቆጥር ኖሮ ይህ ጉድለት የሚታወቀው ከዓመት በኋላ አንድ ሌላ ሽማግሌ አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ ነበር።

ከጎደሉት መካከል አንድ የፎቶ ፎልደር ነበረበት። እቴቴ ከፍታ ዝም ብላ አየችው። የአባቷ የአክስቴ ባል ፎቶ ነው። ዋናው የወረቀት ፎቶ በአንድ ክረምት ጣሪያው አፍስሶ ተበላሽቷል፤ ከዚያ በፊት በማሽን አንሥታ ያስቀመጠችው ይኸው ብቻ ቀርቷል። እሳቸው ወደ አኼራ ከሄዱ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ከሱቄ ሆኜ በስልክ ላጠፋው የነበረውን ነገር ያን ጊዜ ፊት ለፊት አየሁት። የምለው አጣሁ።

«አፉ በይኝ እቴቴ» አልኳት።

«እኔ ምን አልኩህ? መጥተህ እይ ነው ያልኩህ» አለችና ሻይ ልታፈላ ተነሣች።

በመጨረሻ ወደ ጓዳ የሚያመለክቱትን ሰባት ሾርትከቶች አጠፋሁ። ሾርትከትን ማጥፋት ወረቀቱን እንደማያጠፋ ለልጁ አሳየሁት። ከዚያም እውነተኛዎቹ ፎልደሮች አሁን ወዳሉበት የሚወስዱ አዳዲስ ሰባት ሾርትከቶች ሠራን። ልጁ አንዱን ነካ፤ ወዲያው ተከፈተ።

ትንሽ ይዘገይ የነበረው የፎቶ ፎልደር ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ነበር። ሲስተሙ አዲስ ስለሆነ የእያንዳንዱን ፎቶ ትንሽ ምስል እንደገና እየሠራ ነበር። የዚህ ዓይነቱ መዘግየት ይለያል፦ መስኮቱ ወዲያው ይከፈታል፤ ከላይ በአድራሻው መስመር ላይ አረንጓዴ ቀለም ቀስ እያለ ይሞላል። በፎልደሩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ከስተማይዝ» በሚለው ገብተን ፎልደሩን ከሥዕል ዓይነት ወደ ጠቅላላ ዓይነት ስንቀይረው ቀለል አለ።

800 ብሯን ልመልስላት ኪሴ ስገባ እቴቴ እጄን ያዘችኝ። «ገንዘቡን ተወው፤ በሱ ፈንታ ለሌላ ጊዜ ልጁን አስተምረው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ክረምት ክረምት ጎንደር እየመጣ ከኔ ጋር ይቀመጥ ጀመር። ሌላ የወረቀቶቹ ቅጂ በተለየ ዲስክ ተደርጎ በቁም ሣጥኗ ውስጥ ተቀምጧል። አሮጊቷም አማናዋን ካስረከበች በኋላ ጠፍታ አረፈች።

ለእናንተም እንዲጠቅም

ይህን ዛሬ የምጽፍላችሁ ያው ነገር ተመልሶ ስለመጣ ነው። ያን ጊዜ አዲስ ያልነው ዊንዶውስ 10 እሱም በተራው በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) መደበኛ ድጋፉ አበቃ። ብዙ ሰው ወደ ዊንዶውስ 11 እየተሻገረ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የዊንዶውስ 11 ቅጂ ደግሞ በኔትወርክ ከሌላ ማሽን ፋይል ሲጠይቅ የዚያን ማሽን ማንነት የሚያረጋግጥ ፊርማ ይጠይቃል። ፊርማውን የማያውቁ አሮጌ ማሽኖችና የዲስክ ሣጥኖች ላይ ያው የእቴቴ ቤት ታሪክ ይደገማል። ስለዚህ ሲስተም ካሳደሳችሁ በኋላ ፎልደሮቻችሁ ቢዘገዩ ከማንኛውም ነገር በፊት እነዚህን ተመልከቱ፦

1ኛ. የዘገየው ምልክት ቀስት አለበት ወይስ የለበትም? ቀስት ካለበት ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብታችሁ አድራሻውን አንብቡ። አድራሻው በሁለት ግድም መስመሮች ከጀመረ ወረቀቱ ያለው ሌላ ማሽን ላይ ነው።

2ኛ. ያንኑ ፎልደር ያለ ሾርትከት፣ በቀጥታ ካለበት ቦታ ክፈቱት። በቀጥታ ቶሎ ከተከፈተ ችግሩ መንገዱ ላይ ነው እንጂ ፎልደሩ ላይ አይደለም።

3ኛ. አጥፍታችሁ ካበራችሁ በኋላ ቅደም ተከተሉን እየቀያየራችሁ ሞክሩ። አንዱ ሌላውን እየጎተተ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው።

4ኛ. መስኮቱ ቶሎ ተከፍቶ ውስጡ ቀስ እያለ የሚሞላ ከሆነ የፎቶ ብዛት ሊሆን ይችላልና የፎልደሩን ዓይነት ቀይሩ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ ከሆነ ሲስተሙ ፋይሎችን እየመዘገበ ወይም ማሻሻያ እያወረደ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ታገሡ።

5ኛ. ከማደስ በፊት ግልባጭ ስታደርጉ የምትገለብጡት ወረቀቱን ይሁን አድራሻውን አረጋግጡ፤ ከዚያም ቁጠሩ። ሁለቱም ዘንድ ቁጥሩ ልክ ሳይመጣ «ፎርማት» የሚለውን ቃል ከአፋችሁ አታውጡ።

ለወጣት የሙያ ወንድሞቼና እህቶቼ ደግሞ አንድ ቃል ልጨምር። በማሽኑ የሚጠቀም ሰው የማሽኑን ቋንቋ ባያውቅም የሚያየውን ያውቃል። እቴቴ በመጀመሪያው ስልክ የነገረችኝን በሙሉ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ መፍትሔው እዚያው ነበር። ወረቀቶቹ ያሉት ጓዳ መሆኑንም ከዚያ በፊት ነግራኛለች። በእጃችን የሚሰጠን የሰው ማሽን ብረት ብቻ አይደለም፤ በውስጡ የአንድ ሽማግሌ መሬት አለ፣ የአንድ ተማሪ መታወቂያ አለ፣ የአንዲት ልጅ አባት አለ። ይህን ሁሉ ጠብቆ የመመለስ ኃላፊነት አለብን።

እኔ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ሥራ ስቀበል የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ሲስተምህ ምንድን ነው?» አይደለም። «ወረቀትህ የት ነው ያለው?» ብዬ ነው የምጀምረው። መልሱንም ሄጄ በዓይኔ ሳላየው አልነካም።